በሱዳን የተፈረመውን ሰላም ማን ቀደደው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገራችን ሰው። በምሳ ቤታችንና በየመኝታ ክፍላችን ስለ ሱዳን ጦርነት የሚሰማው ወሬ ግን ከሥሩ ቀርቶ ከግንዱም አይጀምርም። «ዐረብና ጥቁር ናቸው፤ እስላምና ክርስቲያን ናቸው፤ ሲጋደሉ ኖረዋል፣ ሲጋደሉ ይኖራሉ» ይባላል። ይህን ተናግሮ ሻዩን የሚጨርሰው ወንድማችን ነገሩን የተረዳው ይመስለዋል። ከአስተማሪዎቻችንም አንዳንዶቹ ይህንኑ አሳብ ረዘም ባለ ቃል ተናግረው፣ በሰሌዳው ላይ ሰሜንና ደቡብ የሚለይ መሥመር አሥምረው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሻገራሉ። እኛ ግን ይህ አስተያየት ስሕተት ብቻ ሳይሆን ለገዳዮቹ የሚጠቅም ስሕተት ነው እንላለን። «ተፈጥሯቸው ነው» የተባለለት ጦርነት ተጠያቂ የለውምና።

እስቲ ይህ ተፈጥሮ የሚሉት ነገር ይመርመር። (ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የኛን ስንጠቅስ እንናገራለን።) ከ2003 ጀምሮ በዳርፉር ገዳዩም ሟቹም ሙስሊም ነው። በ2013 መጨረሻ በጁባ ከተማ እርስ በርሱ የተላለቀው ሠራዊት ከሁለቱም ወገን ጥቁር፣ በአብዛኛውም ክርስቲያን ነበር። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱምን ማፍረስ የጀመሩት ሁለት ጀኔራሎች፣ አብዱልፈታሕ አል ቡርሃንና መሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ፣ ሃይማኖታቸው አንድ፣ ቋንቋቸው አንድ ነው፤ ከዚያም ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ አብረው መፈንቅለ መንግሥት አድርገዋል። ሃይማኖትና ዘር በሱዳን ጦርነት ውስጥ የሉም አላልንም። አሉ፤ ብዙ ደምም አፍስሰዋል። ግን ማገዶው ማን እንደ ሆነ ማወቅ እሳቱን የጫረው ማን እንደ ሆነ ማወቅ አይደለም።

የኛ አሳብ ይህ ነው፤ በሱዳን የተፈረመ ሰላም ጠፍቶ አያውቅም። ያልተገኘው የፈረመውን መቅደድ የማይችል መንግሥት ነው። በካርቱም ቤተ መንግሥት የተቀመጠው ሁሉ፣ ባለ ዩኒፎርሙም ባለ ጥምጥሙም፣ በዳር አገር መሬትና ሀብት ላይ ያለው ሥልጣን በወረቀት በተገደበበት ጊዜ ወረቀቱን ቀድዶታል። ይህንንም ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከወረቀቶቹ ዋነኛው የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ አንድ ምሽት እንናገር፤ ምሽቱ የተማሪዎች ነውና። ኦክቶበር 21 ቀን 1964፣ በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ደቡቡ ጥያቄ ለመነጋገር ተሰበሰቡ። የጀኔራል ኢብራሂም አቡድ ወታደራዊ መንግሥት ስብሰባውን ከልክሎ ነበር። ተማሪዎቹም እንቢ አሉ። ፖሊስ ግቢው ውስጥ ገብቶ ተኮሰ፤ አሕመድ አል ቁረሺ የተባለው ተማሪ ተገደለ። ለቀብሩ ከተማው ወጣ፤ ዳኞች፣ ሐኪሞች፣ የባቡር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወታደራዊው ምክር ቤት ፈረሰ፤ በኖቬምበርም አቡድ ከሥልጣኑ ወረደ። እነዚያ ተማሪዎች በአብዛኛው የሰሜን ልጆች፣ ዐረብኛ ተናጋሪዎችና ሙስሊሞች ነበሩ። የተሰበሰቡት ስለ ገዛ ራሳቸው እንጀራ ሳይሆን በደቡብ በስማቸው ስለሚደረገው ግፍ ለመጠየቅ ነበር። «ተፈጥሯቸው ነው» የሚለው ወንድማችን ይህን ምሽት በየትኛው ተፈጥሮ ሊመድበው ነው?

የነገሩ መነሻ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። እንግሊዞች በ1922 ባወጡት የዝግ ወረዳዎች ደንብ ሰሜኑ ሰው ወደ ደቡብ እንዳይገባ ከለከሉ፤ የትምህርቱን፣ የመንገዱን፣ የንግዱን ሥራ በካርቱምና በአባይ ዳር አከማቹ። ደቡቡም፣ ምዕራቡም፣ ምሥራቁም ተረሳ። ሲወጡም ቁልፉን ለካርቱም ልሂቃን አስረከቡ። የእንግሊዝን ሹማምንት ወንበር ለአገሬው ሰው ለማደል በተደረገው ድልድል ከ800 ያህል የሥራ ቦታ ለደቡብ ሰዎች የደረሳቸው አሥር እንኳ አይሞላም ነበር። በኦገስት 1955፣ ነፃነቱ ሊታወጅ አራት ወር ሲቀረው፣ በቶሪት ያለው የደቡብ ጦር ሸፈተ። የደቡብ እንደራሴዎች ለነፃነቱ ድምፅ የሰጡት የፌዴሬሽን ጥያቄያቸው ይታሰብበታል ተብለው ነው፤ ጥያቄው በኋላ ተጣለ። ይህ የመጀመሪያው የታጠፈ ቃል መሆኑ ነው። አቡድ ደግሞ መጥቶ በ1960 በደቡብ የዕረፍቱን ቀን ከእሑድ ወደ ዓርብ አዛወረ፤ በ1964 የውጭ አገር ሚስዮናውያንን አባረረ፤ አንድነት ማለት አንድ ዓይነትነት መሰለው።

አሁን ወደ 1972 እንምጣ። ጃፋር ኒሜሪ በ1969 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ ጦርነቱ በጦር እንደማይጨረስ ገባው። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አሸማጋይ ሆኑ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም እጃቸውን አስገቡበት። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1972 ስምምነቱ በከተማችን ተፈረመ። የመንግሥቱን ልዑካን የመራው አቤል አሊየር ራሱ የደቡብ ሰው ነበር። ደቡቡ አንድ ክልል ሆኖ በጁባ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ አስፈጻሚ አካል ተሰጠው። ከአንያንያ ሽምቅ ተዋጊዎች 6,000ው ከሰሜን 6,000 ጋር ተቀላቅለው የደቡብ ዕዝ እንዲሆኑ ተደረገ። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን መቆለፊያው ነው፤ ይህ ሕግ የሚሻሻለው ከብሔራዊው ምክር ቤት አራት እጅ ሦስቱ ሲስማማና በደቡብ ሕዝበ ውሳኔ ከሦስት እጅ ሁለቱ ሲደግፈው ብቻ ነው ተብሎ ተጻፈ።

ይህ ሰላም 11 ዓመት ቆየ። በዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በ17 ዓመት ጦርነት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለቀ በተገመተበት አገር፣ ትናንት በጫካ ይተዳደኑ የነበሩ ወታደሮች በአንድ ሰፈር አደሩ፤ ስደተኛው ከኢትዮጵያም ከኡጋንዳም ተመለሰ፤ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ። በእርግጥ በየጊዜው የሚሸፍት ክፍለ ጦር አልጠፋም፤ በ1975 አኮቦ ላይ ተኩሶ ወደ አገራችን የተሻገረ አለ። ቢሆንም አብዛኛው ሕዝብ በሰላም አደረ። ዐረብና ጥቁሩ፣ ሙስሊምና ክርስቲያኑ እነዚያው ነበሩ። ደማቸው አልተለወጠም። የተለወጠው ሕጉ ነው።

እንግዲህ ማን ቀደደው? በ1978 የአሜሪካው የነዳጅ ኩባንያ ሼቭሮን በቤንቲዩ አጠገብ ነዳጅ አገኘ። ቤንቲዩ በደቡብ ክልል ውስጥ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርቱም እንቅልፍ አጣ። በ1980 የክልሉን ወሰን የሚያዛውር ካርታ ለማጽደቅ ተሞከረ፤ ደቡቦች ጮኹ፣ ቀረ። የነዳጁ ማጣሪያ ነዳጁ በተገኘበት እንዳይሠራ፣ ወደ ሰሜን ኮስቲ እንዲሄድ ታቀደ። የነጭ አባይን ውሃ ከረግረጉ አውጥቶ ወደ ሰሜን የሚወስደው የጆንግሌ ቦይም በዚሁ ዘመን ይቆፈር ነበር፤ ከታሰበው 360 ኪሎ ሜትር ብዙውን ከሄደ በኋላ ጦርነቱ አስቆመው። ጆን ጋራንግ የተባለው የሠራዊቱ መኮንን በአሜሪካ አገር የዶክትሬት ጽሑፉን የጻፈው በዚሁ ቦይ አካባቢ ስላለው ልማት ነው። የሚዋጋበትን ነገር አስቀድሞ ያጠና የሽምቅ መሪ ብዙ አልገጠመንም!

በሜይ 1983 በቦር የነበረው ሻለቃ ጦር ወደ ሰሜን እንዲዛወር ሲታዘዝ ሸፈተ። ጁን 5 ቀን ኒሜሪ ባንድ ትእዛዝ ደቡቡን ሦስት አደረገው። አራት እጅ ሦስቱ የለም፤ ሕዝበ ውሳኔ የለም፤ አንድ ሰው፣ አንድ ብዕር። በሴፕቴምበር የሸሪዓን ሕግ በአገሩ ሁሉ ላይ አወጀ። እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ ሃይማኖቱ የመጣው በመጨረሻ ነው። ነዳጁ በ1978፣ ካርታው በ1980፣ ክፍፍሉ በጁን 1983፣ ሸሪዓው በሴፕቴምበር 1983። ሃይማኖቱን የጦርነቱ አባት የሚያደርጉት ሰዎች የልደቱን ቀን አላዩም።

ለእውነት ስንል ሌላም እንጨምር። ደቡቡን ለመከፋፈል ኒሜሪ ብቻውን አልነበረም። ስምምነቱን ለአንያንያ የፈረመው ጆሴፍ ላጉ ራሱ ክፍፍሉን ደግፏል፤ የኢኳቶሪያ ሰዎች በጁባው መንግሥት የዲንካ ሹማምንት በዝተውብናል ብለው ነበርና። ቅሬታቸው ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን የቤታቸውን ጠብ ለካርቱም ዳኝነት ባቀረቡ ጊዜ ዳኛው ቤቱን ወሰደው። አቤል አሊየር በ1990 ላሳተመው መጽሐፉ «እጅግ ብዙ የፈረሱ ውሎች» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ሰጠው። ከዚህ የተሻለ የሱዳን ታሪክ ማጠቃለያ እኛ አላነበብንም።

አሁንም ወደ ከተማችን እንመለስ። በማርች 1986 የሱዳን ማኅበራትና ፓርቲዎች ከጋራንግ ንቅናቄ ጋር ቆቃ ግድብ ላይ ተገናኝተው የሕገ መንግሥት ጉባኤ እንዲጠራ ተስማሙ። በኖቬምበር 1988 መሐመድ ዑስማን አል ሚርጋኒና ጋራንግ አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ፤ የሸሪዓው ሕግ እንዲታገድና ጉባኤው እንዲደረግ ተባለ። ቀኑም ለሴፕቴምበር 1989 ተቆረጠ። ጁን 30 ቀን 1989 ኦማር አል በሺር መንግሥቱን ገለበጠ። ከጉባኤው በፊት ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። እኛ ይህን አጋጣሚ ነው ብለን አንቀበልም። ሰላም ሩቅ በሆነ ጊዜ ማንም መፈንቅለ መንግሥት አላደረገባትም፤ የተደረገባት በደጃፍ ስትቆም ነው። ከዚያ በኋላ 16 ዓመት ጦርነት፤ በሁለተኛው ጦርነት በሙሉ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው በጥይት፣ በረኃብና በበሽታ እንዳለቀ ይገመታል።

በ2005 የተፈረመው ትልቁ ውል ነዳጁን እኩሌታ አካፈለ፤ ለደቡብ ሕዝብም የመለየት ምርጫ ሰጠ። በጃንዋሪ 2011 ከመቶ 98.83ቱ መለየትን መረጠ። መብቱ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ቀድሞ ከታጠፈ ቃል በኋላ ሌላ ምን ይምረጥ? «መፍትሔው መለያየት ነው» የሚሉ ጓደኞቻችን ግን ወደ 2013 ይመልከቱ። ጁባ ከካርቱም ተለየች እንጂ ከካርቱም አሠራር አልተለየችም። ሠራዊቱ የየአዛዡ ነው፤ የነዳጁ ገንዘብ ለአዛዦች መደለያ ነው፤ ሳልቫ ኪርና ሪክ ማቻር ሲጣሉ አገሩ በሁለት ተሰነጠቀ። በ2015 ፈረሙ፣ በ2016 ተታኮሱ፣ በ2018 እንደገና አዲስ አበባ ላይ ፈረሙ፣ በማርች 2025 ማቻር ከቤቱ እንዳይወጣ ታገደ። የከተማችን ሆቴሎች በዚህ ሁሉ ድርድር ሳይጠቀሙ አልቀሩም።

ሰሜኑም በበኩሉ ከነዳጁ ሦስት እጁን አጥቶ በወርቅ ላይ ወደቀ። በሺር በዳርፉር መንደር ያስቃጠለባቸውን ጃንጃዊድ የተባሉ ታጣቂዎች በ2013 ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ብሎ አደራጀ፤ በ2017 በሕግ አጸናቸው። አዛዣቸው ዳጋሎ በዳርፉር የጀበል ዓምርን ወርቅ ያዘ። እንዲህ ሆኖ በአንድ አገር ሁለት ሠራዊት፣ ሁለት ግምጃ ቤት ተፈጠረ። በ2019 ሕዝቡ፣ ይልቁንም ወጣቶችና ሴቶች፣ በባዶ እጁ ወጥቶ በሺርን አወረደ። ጁን 3 ቀን በሠራዊቱ መምሪያ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰልፈኛ ተጨፈጨፈ። በኦገስት የአፍሪካ ኅብረትና የኢትዮጵያ መልእክተኞች አሸማግለው ሲቪሎችና ወታደሮች ሥልጣን ተካፈሉ፤ በኦክቶበር 2021 ወታደሮቹ ያንንም ቀደዱ። በዲሴምበር 2022 ሌላ ወረቀት ተፈረመ። የዚህ ወረቀት ጠብ ምን ነበር? ፈጥኖ ደራሹ በመደበኛው ሠራዊት ውስጥ በስንት ጊዜ ይዋሐድ የሚል ነው። ሠራዊቱ ሁለት ዓመት አለ፤ ዳጋሎ አሥር ዓመት አለ። በሁለትና በአሥር መካከል ያለውን ልዩነት በመድፍ ሊያስሉ ወጡ። ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ፤ በኦገስት 2024 በዘምዘም ሰፈር ረኃብ መግባቱ ተረጋገጠ፤ በኦክቶበር 2025 ኤል ፋሸር ከ500 ቀን በላይ ተከብባ ወደቀች፤ በውስጧ የቀረውም ሕዝብ ተጨፈጨፈ።

እኛስ ንጹሐን ነን? አይደለንም። በደርግ ዘመን ኢትዮጵያ የጋራንግን ጦር በጋምቤላ አስታጥቃ አኖረች፤ ካርቱምም የኛን አማፅያን አስጠለለች። ሁለቱም መንግሥታት የጎረቤትን ቁስል እንደ መሣሪያ ያዙት። በ1991 ደርግ ሲወድቅ በኢታንግ የነበሩ በመቶ ሺ የሚቆጠሩ ስደተኞች በዝናብ ወራት ወደ ጦርነቱ ተመለሱ። በ2023 ደግሞ በመተማ በኩል የተሻገሩት ሱዳናውያን በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ ሰፈሮች ሲያርፉ ታጣቂ ዘረፋቸው፤ በሜይ 2024 ብዙዎቹ ሰፈሩን ጥለው በመንገድ ዳር በጫካ አደሩ። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ እንግዳ በኛ ምድር ጥበቃ አጣ። ይህን ሳንናገር ስለ ሱዳን ሰላም ብንሰብክ ማፈር ይገባናል።

ታዲያ ሰላም ይመጣል ወይ? «አንዱ ያሸንፍና ይረፉ» የሚሉ አሉ። በሱዳን ታሪክ እንዲህ ያለ ድል አንድም ጊዜ አልታየም፤ ሠራዊቱ በማርች 2025 ካርቱምን ቢያስመልስ ጦርነቱ ወደ ኮርዶፋንና ወደ ዳርፉር ተዛወረ እንጂ አልቆመም። «የውጭ እጅ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፤ ወርቁን የሚገዛና መሣሪያውን የሚልክ እጅ እስካልታሰረ ድረስ ተኩስ አቁም የሚባለው ጥይት መሙያ ጊዜ ነው። ግን የውጭ እጅ የሚገባው በተከፈተ በር ነው።

የኛ አስተያየት ወደ 1972ቱ ውል ይመልሰናል። ውሉ ደካማ ስለ ነበር አልፈረሰም፤ ቁልፉ በፈራሚው ኪስ ስለ ቀረ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1974 ከዙፋን ወረዱ፤ ከዚያ ወዲያ ለውሉ ዋስ ነኝ የሚል አልተገኘም። ባገራችን ሽምግልና ዋስ የሌለው ዕርቅ ዕርቅ አይባልም፤ የተዋዋለ ሰው ሲያፈርስ የሚጠየቅ ሦስተኛ ሰው አለ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ውሎች ደግሞ የባሱ ናቸው፤ በሜይ 2023 በጂዳ የተቀመጡት ሁለቱ ታጣቂዎች ብቻ ናቸው። ጠመንጃ ያልያዘ ወንበር አያገኝም፤ እንግዲህ ወንበር የፈለገ ሁሉ ጠመንጃ ይፈልጋል። በየሰፈሩ የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል አቋቁመው፣ በአንድ ድስት መቶ ሰው እያበሉ፣ ቁስለኛ እያነሡ አገሩን በሕይወት ያቆዩት ወጣቶች በዚያ ጠረጴዛ አልነበሩም። የወርቁ ሒሳብም በጠረጴዛው ላይ አልቀረበም። ሁለቱ ሠራዊት አንድ የሚሆኑበት ቀን ሥልጣን ከመካፈል በፊት ካልተቆረጠ፣ ወርቁም ከጀኔራሎች እጅ ወጥቶ በሲቪል ግምጃ ቤት ካልገባ፣ ቀጣዩ ወረቀት በየትኛውም ከተማ ይፈረም፣ የሚቀደድበትን ቀን መገመት ብቻ ነው የሚቀረን። ተስፋ የለም ማለታችን አይደለም። 11 ዓመት የቆየ ሰላም ያየ ሕዝብ ሰላምን አያውቃትም ሊባል አይችልም።

አሁን ለማኅበራችንና ለአስተማሪዎቻችን የምናቀርበው ጥያቄ አለ። በመካከላችን ትምህርታቸውን በጦርነቱ አቋርጠው ከካርቱም የመጡ ወጣቶች ይኖራሉ። በምሳ ቤቱ ጥግ ላይ ለብቻቸው ሲቀመጡ እናያቸዋለን፤ ስለ አገራቸው የምንፈርደው እነርሱን ሳንጠይቅ ነው። ማኅበሩ ለጥቅምት 11 ምሽት አዳራሹን ይጠይቅ። የካርቱም ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. የተከለከሉትን ስብሰባ እኛ እዚህ እናድርገው። መጀመሪያ የሚናገሩት የሱዳን ልጆች ይሁኑ፤ አስተማሪዎቻችን ከነካርታቸው ይምጡ፤ «ተፈጥሯቸው ነው» የሚለውም ወንድማችን ይምጣና ፊት ለፊት ይንገራቸው። ይህን ጥያቄ ለማኅበሩ ጸሐፊ በጽሑፍ አስገብተናል፤ የሚሰጠንን መልስ እንደ መጣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።